ክብር ከቤት ይጀምራል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለዛሬ ትምህርታችን የመረጥነው ርእስ በየቤታችን ያሉትን አረጋውያን ስለ ማክበር ነው። ርእሱ አዲስ አይደለም። ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ «ትልቅ ሰው አክብሩ» እየተባልን አድገናል። ዳሩ ግን ሰው ደጋግሞ የሰማውን ነገር የተረዳው እየመሰለው ሳይመረምረው ያልፋል።

አንድ ነገር እናስተውል። በአገራችን ማንም ሰው ፎርም ሲሞላ የራሱን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ቀጥሎም የአያቱን ስም ይጽፋል። በመታወቂያችን፣ በትምህርት ማስረጃችን፣ በባንክ ደብተራችን ላይ የአያታችን ስም አብሮን ይኖራል። ነገር ግን ስሙን በየዕለቱ የምንይዘው ሰው የት ተወለደ? በምን ሥራ ኖረ? የክርስትና ስሙስ ማን ነው? ብንባል ስንቶቻችን እንመልሳለን? አያቶቻችን በሕይወት ያሉልን ደግሞ ከእነርሱ ጋር ቁጭ ብለን የተጫወትነው መቼ ነው? ስለዚህ ማክበር ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ምሳሌ እንዳስቀመጡልንና እኛ ወጣቶች ምን ማድረግ እንደሚገባን በተራ እንመለከታለን።

1. ትእዛዙ ለማን ተሰጠ?

በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር አባትንና እናትን ስለ ማክበር የተሰጠው ሕግ ከዐሠርቱ ትእዛዛት 4ኛው ነው (ዘጸ. 20፥12)። ከእርሱ በፊት ያሉት ሦስቱ ሰው ለአምላኩ ስለሚገባው ነገር፣ ከእርሱ በኋላ ያሉት ደግሞ ለባልንጀራው ስለሚገባው ነገር ይናገራሉ። ወላጅን ማክበር በሁለቱ መካከል ቆሟል። ቅዱስ ጳውሎስም ተስፋ የተሰጠበት የመጀመሪያው ትእዛዝ ይህ መሆኑን ለኤፌሶን ሰዎች ጽፎላቸዋል (ኤፌ. 6፥2)።

ብዙዎቻችን ሕጉ ለሕፃናት የተነገረ ይመስለናል፤ ይኸውም «ልጅ ሆይ ታዘዝ፣ አትመልስ» እንደማለት አድርገን እንወስደዋለን። ነገር ግን በደብረ ሲና ግርጌ ቆሞ ሕጉን ከሰማው ሕዝብ መካከል ትዳር የያዘ፣ ልጆች የወለደ፣ የራሱ ድንኳንና መንጋ የነበረው ብዙ ነው። የእነዚህ ሰዎች ወላጆች ጉልበታቸው የደከመ፣ ከልጆቻቸው እጅ የሚጠብቁ አረጋውያን ነበሩ። እንግዲህ ትእዛዙ በይበልጥ የሚፈትነን ወላጆቻችን ሊያዙን በሚችሉበት ጊዜ ሳይሆን ማዘዝ በተሳናቸው ጊዜ ነው። ደግሞም በመጽሐፍ ቅዱስ «አባት» ሲባል አያትንም ይጨምራል። ያዕቆብ የይስሐቅ ልጅ ሲሆን፣ እግዚአብሔር በቤቴል በተገለጠለት ጊዜ ግን አያቱን አብርሃምን «አባትህ» ብሎ ጠርቶለታል (ዘፍ. 28፥13)።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ «አክብር» ተብሎ የተተረጐመው የዕብራይስጥ ቃል ሥሩ «ከበደ» ከሚለው ከእኛው ግሥ ጋር አንድ ነው። ክብደት ስጥ እንደማለት ነው። በተቃራኒው ወላጁን ስለሚሰድብ ሰው በተነገረው ሕግ (ዘጸ. 21፥17) የገባው ቃል ሥሩ ከእኛ «ቀለለ» ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ነገሩ በሁለት ቃላት ይጠቃለላል፤ ማክበድና ማቅለል። አያታችን ሲናገሩ ዓይናችንን ከስልካችን ሳናነሣ «እሺ፣ እሺ» የምንል ከሆነ አልሰደብናቸውም፤ ነገር ግን አቅልለናቸዋል።

2. «ቁርባን ነው» ያሉት ሰዎች

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ከቁጥር 9 እስከ 13 ጌታችን ፈሪሳውያንን የወቀሰበት ነገር ተጽፏል። በዚያን ዘመን አንድ ሰው ወላጆቹን ሊረዳበት የሚገባውን ገንዘብ «ቁርባን ነው» ካለ፣ ማለትም ለእግዚአብሔር ተስዬዋለሁ ካለ፣ ከዚያ ወዲያ ለአባቱና ለእናቱ አንዳች እንዲያደርግ አይፈቀድለትም ነበር። (እዚህ ላይ ቁርባን የተባለው ለቤተ መቅደስ የተሳለ ስጦታ እንጂ እኛ የምንቀበለው ቅዱስ ቁርባን አለመሆኑን ልብ ይሏል።) ነገሩ ከውጭ ሲታይ መንፈሳዊ ይመስላል። ጌታችን ግን በሰው ወግ የእግዚአብሔርን ቃል መሻር መሆኑን ነገራቸው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ማክበር በአንደበትና በእጅ መንሳት ብቻ የሚያልቅ ሳይሆን መጦርን የሚጨምር ነው። በአገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጡረታ አበል ለረጅም ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ብቻ ሲከፈል ኖሮ በ2003 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ለግል ድርጅት ሠራተኞችም እንዲደርስ ተደረገ። ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ ገበሬ፣ በጉልት ሽንኩርት እየሸጠች ልጆች ያሳደገች እናት፣ በቀን ሥራ የኖረ ሰው ግን ከዚህ ውጭ ነው። የእነርሱ ጡረታ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው።

ሁለተኛውና ለእኛ ለሰንበት ተማሪዎች በተለይ የተነገረ የሚመስለው፣ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ከቤት ግዴታ ማምለጫ ሊሆን እንደማይገባ ነው። እንበልና አንድ ወጣት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመዝሙር ጥናት አለው፤ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ያስቀድሳል፤ ከዚያም ጉባኤ ይከታተላል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። አያቱ ግን እቤት ናቸው። ሕፃን ሳለ አዝለው ደጀ ሰላም ያደረሱት፣ መስቀል መሳለም ያስተማሩት እርሳቸው ነበሩ። አሁን ጉልበታቸው ስለ ደከመና የሚይዛቸው ሰው ስላጡ እሑድ እሑድ ደወል ሲሰሙ ካሉበት ሆነው ያማትባሉ። ወጣቱ ነጠላውን አጣፍቶ በችኰላ በፊታቸው ያልፋል። ይህ ወጣት ምን ጎደለው? ጸሎት አይደለም፤ መዝሙርም አይደለም። የጎደለው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ተነሥቶ ክንዱን መስጠት ነው።

ማኅበራት በአዲስ አበባ የሚገኘውን መቄዶንያን የመሰሉ የአረጋውያን መርጃ ማዕከላትን ሄደው መጠየቃቸው፣ ማጠባቸውና ማብላታቸው የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ሊቀጥልም ይገባል። ነገር ግን የማናውቃቸውን አረጋዊ እግር አጥበን ስንመለስ እቤት ያሉት አያታችን ውኃ የሚያቀብላቸው አጥተው ከቈዩን «ቁርባን ነው» ካሉት ሰዎች አልራቅንም። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክቱ ልጆችና የልጅ ልጆች እግዚአብሔርን መምሰል አስቀድመው በገዛ ቤታቸው ሊማሩ እንደሚገባ አዟል (1ኛ ጢሞ. 5፥4)። አስቀድመው ማለቱን እናስተውል።

3. አብነት የሚሆኑን

ሀ/ ዮሴፍ። ዮሴፍ በግብፅ ምድር ከፈርዖን ቀጥሎ ባለ ሥልጣን ነበር። አባቱ ያዕቆብ ደግሞ እረኛ ነው፤ በግብፃውያን ዘንድ እረኛ የተናቀ ነበር (ዘፍ. 46፥34)። ሆኖም ዮሴፍ በአባቱ አላፈረም። ሠረገላ ልኮ አስመጣው፤ እስከ ጌሤም ድረስ ወጥቶ ተቀበለው፤ በአንገቱ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ከዚህም አልፎ ወደ ቤተ መንግሥት ይዞት ገባና በፈርዖን ፊት አቆመው። ፈርዖን ዕድሜውን ቢጠይቀው 130 ዓመት መሆኑን ተናገረ። በዚያን ጊዜ የሆነው ነገር ያስደንቃል፤ ሽማግሌው እረኛ ንጉሡን ባረከው (ዘፍ. 47፥7-10)።

ዛሬ ከገጠር የመጡ አያታቸውን ለጓደኞቻቸው ለማስተዋወቅ የሚያፍሩ ወጣቶች አሉ። በአንገታቸው ላይ ያለው ንቅሳት፣ የአነጋገራቸው ዘዬ፣ በእጃቸው መጉረሳቸው ያሳፍራቸዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ እንዲገቡ ይፈልጋሉ። ዮሴፍ የተማረውን ሁሉ ከተማርን፣ የደረሰበት ሁሉ ከደረስን በኋላ እንኳ በእርሱ ፊት ሰበብ አይኖረንም።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ አንድ ቁጥር አለ። ዮሴፍ ከአባቱ ቤት በወጣ ጊዜ ዕድሜው 17 ዓመት ነበር (ዘፍ. 37፥2)። ያዕቆብ ደግሞ በግብፅ በዮሴፍ እጅ እየተጦረ የኖረው 17 ዓመት ነው (ዘፍ. 47፥28)። አባት ልጁን 17 ዓመት አሳደገ፤ ልጅም አባቱን 17 ዓመት ጦረ። እኛ ስንት ዓመት ተጦርን? ስንቱንስ መለስን?

ለ/ ሩት። ሩት ለኑኃሚን የሥጋ ዘመድ አልነበረችም፤ ምራቷ ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ ወደ ወላጆቿ ቤት ልትመለስ ትችል ነበር። እርሷ ግን አሮጊት አማቷን ተከትላ ወደ ቤተ ልሔም መጣች፤ በሰው እርሻ ላይ ቃርሚያ እየለቀመች አበላቻት። መጽሐፉ አንድ ትንሽ ነገር አይረሳም፤ በእርሻው ላይ ምሳ ሲሰጣት ከጠገበች በኋላ የተረፋትን ይዛላት ሄደች (ሩት 2፥14-18)። ማክበር ብዙ ጊዜ ይህን ያህል ትንሽ ነው። ምግብ በቀረበልን ቦታ እቤት ያለውን ሰው ማሰብ ነው።

ሐ/ ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ። ዓለምን ለማዳን በመስቀል ላይ በተሰቀለባት በዚያች ሰዓት እናቱን አልዘነጋም። ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጣት፤ እርሱም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት (ዮሐ. 19፥26-27)። ከዚህ የሚበልጥ ሥራ ያለበት፣ ከዚህም የከፋ መከራ ውስጥ ያለ ሰው የለም። ስለዚህ «ሥራ በዛብኝ» የሚለው ምክንያታችን በመስቀሉ ፊት አይቆምም።

4. አረጋውያን የያዙልን ሀብት

አረጋውያንን የምናከብረው አዝነንላቸው ብቻ አይደለም፤ የያዙልን ነገር ስላለ ነው። ሕፃኑ ጌታ ወደ ቤተ መቅደስ በገባ ጊዜ በዚያ ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ለይተው ያወቁት አረጋዊው ስምዖንና በመበለትነት 84 ዓመት የደረሰችው ሐና ነቢይት ናቸው (ሉቃ. 2)። ጢሞቴዎስም ሃይማኖቱን ያገኘው ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ነበር (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። ቤተ ክርስቲያናችን የእመቤታችንን ወላጆች ኢያቄምንና ሐናን በየወሩ በ11 ቀን ታስባለች፤ ይህም የጌታችን አያቶች እንዳይረሱ ነው። በአንጻሩ የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም የሽማግሌዎችን ምክር ትቶ አብሮ አደጎቹን በመስማቱ ከዐሥራ ሁለቱ ነገድ ዐሥሩን በአንድ ቀን አጣ (1ኛ ነገ. 12)።

የእኛም አረጋውያን ብዙ ነገር ይዘዋል። ከሁሉ አስቀድሞ የዘር ሐረጋችንን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በወጋችን ሊጋቡ የታሰቡ ወጣቶች ዝምድና እንዳይኖራቸው እስከ ሰባት ትውልድ ይቈጠራል። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት እያሉ የሚቈጥሩት ግን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ናቸው እንጂ መዝገብ ቤት አይደለም። እነርሱ ሳይጠየቁ ካለፉ ቈጠራው በሦስተኛው ስም ላይ ይቆማል። ደግሞ የጠላቱና የጠጁ አጣጣል፣ የኮሶውና የዳማከሴው ነገር፣ የጣልያን ወረራና የ1966ቱ ለውጥ በቤተሰባችን ላይ ያደረሰው፣ ማን ተሰደደ፣ ማን ማንን አስጠለለ፣ የትኛው ቂም በማን ሽምግልና ታረቀ፣ ይህ ሁሉ በየትም መጽሐፍ አልተጻፈም። ያለው በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ነው።

ዛሬ ደግሞ አያቶች ሁለተኛ ጊዜ እናትና አባት የሆኑባቸው ቤቶች ብዙዎች ናቸው። እናት ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ አሜሪካ ለሥራ ሄዳ ልጆቹን አያት ያሳድጋሉ። በዕረፍታቸው ዘመን ሕፃን አጥበው፣ ልብስ ለብጠው፣ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ወጣት ውለታው እጥፍ ነው። በውጭ ያለን ልጆችም ገንዘብ መላክ እንደማይበቃ እንወቅ። ገንዘቡ ጤፍ ይገዛል፤ ድምፃችን ግን ከባንክ አይወጣም።

5. እርጅና ሲከብድ

እስካሁን የተናገርነው ቀላል አይምሰለን። አረጋዊ ሰው አንድን ነገር አምስት ጊዜ ይጠይቃል፤ ይቈጣል፤ ሌሊት ይነሣል፤ ልብሱን ያበላሻል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 3 አባት አእምሮው እንኳ ቢደክም ልጁ እንዲታገሠውና በጉልበቱ ተመክቶ እንዳይንቀው ይመክራል። «ጃጁ» ብለን የምናልፈው መርሳት ብዙ ጊዜ የአንጎል በሽታ እንጂ የእርጅና ጠባይ አይደለም፤ ስለዚህ ወደ ሐኪም መውሰድ እንጂ መሣቅ አይገባም። ግትር የመሰሉን አረጋዊ ጆሯቸው ደክሞ ይሆናል። ከመጮህ ይልቅ ፊት ለፊት ሆኖ ቀስ ብሎ መናገር ይሻላል። በእርጅና የውኃ ጥም ስሜት ስለሚቀንስ ሳይጠይቁ ውኃ ማቅረብ ያስፈልጋል። የሚያንሸራትት ምንጣፍ ማንሣትና ሌሊት ወደ መጸዳጃ የሚወስደውን መንገድ ማብራት ከመውደቅ ያድናል። መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን ስለ ጾማቸው ከሐኪምና ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲመካከሩ መርዳትም የእኛ ድርሻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ከ6ቱ 1ዱ ያህል በሚኖርበት አካባቢ ልዩ ልዩ በደል እንደሚደርስበት ይገልጻል። መሳደብ፣ ገንዘባቸውን መውሰድና መተው ሁሉ በዚህ ይቈጠራሉ። ይህ በሩቅ አገር ብቻ የሚሆን አይምሰለን።

ምናልባት ከእኛ መካከል «ወላጆቼ በድለውኛል፤ እንዴት ላክብራቸው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ትእዛዙ ክፉ ሲያዙን እንድንታዘዝ አያስገድደንም፤ መታዘዙ በጌታ ነው ተብሏልና (ኤፌ. 6፥1)። የሚጐዳንን ነገር ለንስሐ አባታችን ወይም ለምናምነው ሰው መናገርም አለማክበር አይደለም። ነገር ግን ሴምና ያፌት የአባታቸውን የኖኅን ዕራቁትነት ፊታቸውን መልሰው እንደሸፈኑ (ዘፍ. 9፥23)፣ የወላጆቻችንን ድካም የጨዋታ ማጣፈጫ አናድርገው።

6. ምን እናድርግ?

ሀ/ ሰላምታ። ስንገባ አስቀድመን ወደ እነርሱ እንሂድ። ከመቀመጫ መነሣት፣ ጉልበት መሳም፣ እጅ ማስታጠብ፣ የቡናውን አቦል ለታላቅ ማስቀደም ያረጀ ወግ አይደለም።

ለ/ መጠየቅና መጻፍ። አንድ ደብተር እናዘጋጅ። በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ መልሱን ከነቀኑ እንጻፍ። ስልክ ያለው ፈቃዳቸውን ጠይቆ ድምፃቸውን ይቅዳ።

ሐ/ ሥራ አለመንጠቅ። «እርስዎ ይቀመጡ» ማለት ሁልጊዜ ማክበር አይደለም። ጥጥ መፍተል፣ ምስር መልቀም፣ ለልጆች ተረት መንገር የሚወዱ ከሆነ እንተውላቸው፤ በቤት ነገር ምክራቸውን እንጠይቅ።

መ/ ወደ ቤተ ክርስቲያን ማድረስ። በሰንበት ት/ቤታችን አካባቢ መሄድ የተሳናቸውን አረጋውያን ስም መዝግበን፣ በተራ ይዘናቸው እንምጣ። የራሳችንን ግን ለተራ አንተው።

ሠ/ ቀን መለየት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1983 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ የአረጋውያን ቀን በየዓመቱ በፈረንጆች ኦክቶበር 1 ይከበራል፤ ይህም በአብዛኛው የግሸን ማርያም በዓል በሚውልበት በመስከረም 21 ላይ ይውላል። በዚያ ቀን፣ ወይም በክርስትና ስማቸው በዓል፣ ቤተሰቡን ሰብስበን ዳቦ ቈርሰው እንዲመርቁን እናድርግ። በፋሲካ ለወላጅና ለክርስትና አባት አክፋይ የመውሰድ ልማድም አለን፤ እንዳይቀር እንጠብቀው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ሰው ሲሞት ፍትሐት ማስደረግና በ40ኛው ቀን ማሳሰብ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው። ነገር ግን ለተዝካሩ ድንኳን ተክሎ፣ ሰንጋ ጥሎ፣ አገር ያበላ ልጅ እናቱ በሕይወት ሳሉ ግማሽ ኪሎ ስኳር ይዞ ገብቶ የማያውቅ ከሆነ ድግሱ ለማን ነው? እርሳቸው ያን ድግስ አይቀምሱትም። የሚያስፈልጋቸው ዛሬ ነው፤ ያውም ጥቂት ነገር።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን ጽሑፍ አንብበን ስናበቃ ለሌላ ከማስተላለፋችን በፊት በቤታችን ያሉትን አረጋዊ «ምን ላድርግልዎ?» ብለን እንጠይቅ። መልሳቸውን እስከ መጨረሻው እንስማ። ምርቃታቸውንም እንቀበል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 «ቁርባን» የተባለው ምንድን ነው? በእኛ ኑሮ ውስጥ እርሱን የሚመስል ነገር አለ?
2. ዮሴፍ አባቱን በፈርዖን ፊት ማቆሙ ምን ያስተምረናል?
3. የአያቶቻችሁን የክርስትና ስምና የትውልድ ቦታ ጽፋችሁ ለሚቀጥለው እሑድ ይዛችሁ ኑ። የማታውቁትን ከቤተሰብ ጠይቁ።
4. በአጥቢያችን ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣት የተሳናቸው አረጋውያን እነማን ናቸው? ማንስ ይዟቸው ይመጣል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።